ስድሳ አራት ነኝ ያለው ፍላሽ

ዛሬ ስለ ፓርላማም ሆነ ስለ ምርጫ ቦርድ አልጽፍም። የምጽፈው ከአውራ ጣት ስለማትበልጥ አንዲት የፕላስቲክ ዕቃ ነው። «ይህ ሰውዬ ፖለቲካው ቢያታክተው ወደ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ገባ» የሚል ቢኖር አልቀየመውም፤ ግማሽ እውነት አለውና። ሌላውን ግማሽ እስኪ ላውጋችሁ።

አጎቴ በ2013 ዓ.ም. አረፉ። ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ሰባት ወር በአንድ ቀበሌ እስር ቤት የከረሙ ሰው ነበሩ። ስለነዚያ ሰባት ወራት አርባ ዓመት ያህል ለማንም ትንፍሽ አላሉም፤ ለባለቤታቸውም፣ ለልጆቻቸውም። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ሲከፈት፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ደግሞ የጥፋተኝነት ውሳኔው ሲነበብ፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ያዳምጡ እንደነበር አስታውሳለሁ። ነገር ግን ኑና መስክሩ ብሎ የጠራቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ልመስክር ብለው አልሄዱም። በ2011 ዓ.ም. ግን፣ የአገሩ ሰው ሁሉ አፉ የተፈታበት ወቅት ነበርና፣ አንድ እሑድ በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲነሣ «ያ ስልክህ ምስል ከነድምፁ ይቀዳል?» አሉኝ።

አሥራ አራት እሑዶች ቀዳኋቸው። እያንዳንዱ ቀረጻ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ስልኬ 16 ጊጋባይት ብቻ የምትይዝ ነበረች፤ ጥራቱን ከፍ አድርጌ ስለምቀዳ የአንዱ እሑድ ጨዋታ ወደ 4 ጊጋባይት ይጠጋል። ላፕቶፔም ጢም ብሎ ሞልቷል። ስለዚህ ከመርካቶ አንድ ሱቅ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ገዛሁ፤ ሌላ ቦታ ከተጠየቅሁት በግማሽ ዋጋ። በየሳምንቱ ቀረጻውን ከስልኬ ቆርጬ ፍላሹ ላይ እለጥፋለሁ፤ «እሑድ 1»፣ «እሑድ 2» እያልሁም ስም እሰጣለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከፍቼ አየሁ፤ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይከፍታል? ስማቸው ተደርድሯል፣ መጠናቸው ተጽፏል፣ ቀናቸው ተመዝግቧል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው። መንግሥትን መጠርጠር ሥራዬ ብዬ ሃያ ዓመት የኖርሁት ሰውዬ አንዲት ፍላሽ ሳልጠረጥር ቀረሁ።

«ኢንተርኔት ላይ ለምን አላስቀመጥከውም?» የሚለኝ ጎረምሳ ዘመድ አለኝ። ሃምሳ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ባሕር ማዶ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የኔ ዘመን ሰው ይህን አይጠይቅም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ከአገር ሲጠፋ፣ ፍላሼን በኪሴ ዳብሼ «አንተ እንኳ የትም አትሄድም» ብዬው ነበር። ደግሞም እኛ ለፍላሽ ውለታ አለብን። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ብሎጎች ከአገር ውስጥ አልከፈት ማለት ሲጀምሩ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ከሽቶና ከጫማ ጋር የሚያመጣልን ጽሑፍ በፍላሽ ነበር። አንዷ ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ፣ ከካፌ ካፌ ትዞራለች፤ ስትመለስ ግማሽ ደርዘን ቫይረስ ይዛ ትመለሳለች፤ ቢሆንም ትነበባለች። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ከ260 በላይ ድረ ገጾች ተከፈቱ ሲባል ያቺን የአሥራ ሁለት ዓመት አገልጋይ ያመሰገነ ሰው አላየሁም። እኔ ግን ለፍላሽ ዘር በሙሉ ልዩ አክብሮት ነበረኝ ለማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ለአጎቴ አራተኛ ሙት ዓመት ቤተሰቡ ይሰበሰባል ተባለ። ልጃቸው ከውጭ ትመጣለች፤ ቀረጻው መኖሩን ሰምታለች፤ አባቷ ለሷ ያልነገሯትን ለካሜራ እንደነገሩ ታውቃለች። ፍላሹን ከመሳቢያ አውጥቼ ላፕቶፑ ላይ ብሰካው መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ስከፍተው ዲስክ አስገባ የሚል መልእክት መጣ። ዲስኩ እኮ ገብቷል! ነቅዬ ሰካሁ፤ ዞሬ ሰካሁ፤ በሌላ ኮምፒውተር ሞከርሁ። ዲስክ አስገባ።

አንድ ወዳጄ ወደ መገናኛ አካባቢ ወሰደኝ። ሕንፃው ውስጥ በደረጃው ሥር ከቁም ሣጥን የማይሰፋ ክፍል አለ፤ እዚያ ውስጥ አንድ ወጣት ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ይጠግናል። ድሮ ፒያሳ ነበር አሉ፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃውን በሁለት ካርቶን አድርጎ ወደዚህ መጣ። (ስለ ፒያሳ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ ዛሬ ከጀመርሁ ፍላሹን እረሳዋለሁ።) ልጁ ፍላሹን አገላብጦ አየና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የሚፈልጉት ዕቃውን ነው ወይስ ውስጡን?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ። ዕቃውን አድነው ካሉኝ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ እጭንበታለሁ፤ ምናልባት ዛሬውኑ ይዘውት ይሄዳሉ። ግን ሲጫን ውስጡ ያለው በሙሉ ይጠፋል። ውስጡን ከሆነ የሚፈልጉት ፕሮግራሙን ሳልነካ መጀመሪያ የሚወጣውን ማውጣት አለብኝ። ላይሳካም ይችላል።»

ውስጡን አልሁት፤ ምን እንዳለበትም ነገርሁት። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ፍላሹን በጣቶቹ ሲያሽከረክር ቆየና የፕላስቲክ ሽፋኑን በቀጭን ቢላዋ ፈልቅቆ ወንበር ሳበልኝ።

እንግዲህ የዚያን ዕለት የተማርሁትንና በኋላ አንብቤ ያጠናከርሁትን ላካፍላችሁ። በፍላሽ ሆድ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛው ትልቁ ቺፕ ነው፤ ናንድ ይሉታል። በቶሺባ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ የፈለሰፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ለባለሙያዎች የቀረበ የማኅደረ ትውስታ ዓይነት ነው። ሁለተኛው ትንሹ ቺፕ ኮንትሮለር ይባላል። አሠራሩ እኛ የምናውቀው መዝገብ ቤት ነው። ናንዱ መደርደሪያው ነው፤ ኮንትሮለሩ በመስኮት በኩል የሚያነጋግራችሁ የመዝገብ ቤቱ ሹም ነው። ኮምፒውተራችሁ ወደ መደርደሪያው ፈጽሞ አይገባም። መስኮቱ ላይ ቆሞ «ስንት መዝገብ ትይዛለህ?» ይላል፤ ሹሙ «ስድሳ አራት» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አመስግኖ ይመዘግባል። ማስረጃ አይጠይቅም፤ መጠየቂያ መንገድም አልተሠራለትም።

ሹሙ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ናንድ ፍጹም ሆኖ አይሠራም። ከፋብሪካ ሲወጣም ጥቂት የተበላሹ ክፍሎች አሉት፤ እየተጻፈበትና እየተደመሰሰ ሲሄድ ደግሞ ሌሎቹም ያረጃሉ። በአንዲት ሕዋስ አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው የጥንቱ ዓይነት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል መደምሰስን ይችል ነበር፤ በአንዲቷ ሕዋስ ሦስት ቢት የሚታጨቅበት የዛሬው ርካሽ ዓይነት ግን በመቶዎች ወይም በጥቂት ሺዎች ይወሰናል። ስለዚህ ኮንትሮለሩ የሞተውን ክፍል ይለያል፣ በሌላ ይተካዋል፣ ስሕተቱን በስሌት ያርማል፣ ሥራውን ለሁሉም ክፍሎች ያከፋፍላል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለኮምፒውተሩ አንዲት ቃል አይተነፍስም። አንድሩ ሁዋንግና ሾን ክሮስ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በታኅሣሥ 2013 እ.ኤ.አ. ሃምቡርግ ላይ ስለ ሚሞሪ ካርድ ሲያስረዱ፣ ለአምራቹ እያንዳንዱን ናንድ አበጥሮ ከመፈተሽ ይልቅ አብሮት አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ማጣበቅ እንደሚረክስ ተናግረው ነበር። አዎን፣ ኮንትሮለሩ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቹ ኢንቴል በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣውን 8051 የተባለ ንድፍ መሠረት ያደረጉ ናቸው። ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ፕሮግራም አለው፤ ያም ፈርምዌር የሚሉት ነው።

ነገሩ የሚጣፍጠውም የሚመረውም እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ርካሽ ፍላሽ ሲገጣጠም የተገኘው ናንድ ከተገኘው ኮንትሮለር ጋር ይዳበላል፤ ከዚያ አንድ ሠራተኛ በኮምፒውተር ላይ የጅምላ ማምረቻ ፕሮግራም ከፍቶ፣ ፈርምዌሩን ጭኖ፣ የናንዱን ክፍሎች አስቆጥሮ፣ የአምራቹን ስምና የፍላሹን መጠን ያስገባል። አልኮር፣ ፋይሰን፣ ሲሊኮን ሞሽን፣ ቺፕስባንክ የተባሉት ኮንትሮለር ሠሪዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፕሮግራም አላቸው። ፕሮግራሞቹ ለፋብሪካ ብቻ የታሰቡ ነበሩ፤ ግን ከብዙ ዓመታት በፊት አፈትልከው ወጥተዋል። ዛሬ ማንም ሰው ቺፕጂኒየስ በተባለ ትንሽ ፕሮግራም የፍላሹን መለያ ቁጥሮችና የኮንትሮለሩን ዓይነት ያነባል፤ ከዚያ ተስማሚውን ማምረቻ ፈልጎ ያወርዳል። መገናኛ በደረጃው ሥር ያለው ልጅም ሼንዘን ፋብሪካ ውስጥ ያለው ሠራተኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ሞት የተፈረደበትን ፍላሽ የሚያስነሣው በዚህ ነው። ስምንቱን ስድሳ አራት የሚያደርገው አጭበርባሪም የሚገባው በዚያው በር ነው። መጠኑ ከናንዱ ተለክቶ የሚመጣ ቁጥር መስሎን ነበር፤ ለካስ በሰው እጅ ሊጻፍም ይችላል።

የኔ ፍላሽ የተሰበረው የኮምፒውተሩን ሶኬት ከሰሌዳው ጋር ያያያዘው ብየዳ ላይ ነበር። ልጁ በአጉሊ መነጽር አሳየኝ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። እርሳስ በሚያቀልጥ ቀጭን የብየዳ ብረት ነካ ነካ አድርጎ አንዷን እግር መለሳት፤ ሰካው። 64 ጊጋባይት። አሥራ አራት ፋይል፤ ከእሑድ 1 እስከ እሑድ 14! ላቅፈው ተነሣሁ። «ቆይ ጋሼ፣ ምንም አንክፈት» አለኝና ዲዲሬስኪው በተባለ ፕሮግራም ፍላሹን ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ መጨረሻው ወደ ራሱ ዲስክ መገልበጥ ጀመረ። ያረጀ ፍላሽ ሲከፈትና ሲዘጋ የቀረውንም ዕድሜ ይጨርሳል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበብና የሚሠራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሠራል። ሌሊቱን ሊያድር ስለሆነ ሂድ አለኝ፤ ሄድሁ፤ ለአጎቴ ልጅም ተገኝቷል ብዬ ደወልሁላት። ያንን ስልክ ባልደወልሁ ኖሮ!

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቢመጡ ይሻላል» አለ። ሌላ አላለም።

ያሳየኝ ስክሪን ሙሉ ቁጥርና ፊደል ነው፤ ጥሬው መረጃ። ወደ ታች ያንከባልለዋል፤ ይርመሰመሳል፤ ልክ ጉንዳን እንደ ወረረው መሬት። ሰባት ጊጋባይት ተኩል ገደማ ላይ ሲደርስ በድንገት ጸጥ አለ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። ወደ ሃያኛው ጊጋባይት ዘለለ፤ ዜሮ። ወደ አርባኛው፤ ዜሮ። እስከ መጨረሻው አንዲት የተለየች ቁጥር የለችም።

ናንዱ 8 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሹሙ 64 እንዲል ታዝዟል፤ ይላል። ስምንቱ እስኪሞላ የሰጠኸውን ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጠውንም በመስኮቱ ተቀብሎ፣ «ደርሶኛል» ብሎ፣ ከጀርባው ወደሌለ መደርደሪያ ይጥለዋል። የፋይሎቹ ስም፣ መጠንና ቀን የሚጻፈው ግን በፍላሹ መግቢያ ላይ በሚገኝ ማውጫ ነው፤ መግቢያው ደግሞ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ማውጫው ሙሉ ሆኖ ይታያል። አሥራ አራቱም እሑዶች በስማቸው አሉ፤ አሥራ አንዱ ውስጣቸው ባዶ ነው። እኔ ከሦስተኛው እሑድ መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ የአንድ ሽማግሌ የአርባ ዓመት ዝምታ ሲሰበር እየቀዳሁ፣ በየሳምንቱ ወደ ባዶ ስልክ ነበር።

ቀበሌ ሄዶ ሪፖርት ያነበበ ሰው ይህንን አሠራር ያውቀዋል። ዕቅድ አፈጻጸም 98 በመቶ። የተደራጁ ወጣቶች ይህን ያህል፤ የተተከሉ ችግኞች ይህን ያህል። ቁጥሩን የሚያቀርበውም፣ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠውም ያው በመስኮቱ ያለው ሹም ነው፤ የበላዩም ወደ መደርደሪያው አይገባም፤ ገብቶም አያውቅም። ሹሙ ሁልጊዜ ክፉ ነው እያልሁ አይደለም። የኔው ፍላሽ ኮንትሮለር ክፉ አልነበረም፤ የታዘዘውን ቁጥር ነው የተናገረው። ሌላውን የዋህነት የሠራነው እኛ ነን፤ ማውጫውን አይተን መዝገቡን ያየን መሰለን። የአጎቴ እስር ቤት የነበረበት ቀበሌም በዘመኑ ማውጫ ነበረው አሉ። አጎቴ በሁለተኛው እሑድ ላይ ይህንኑ ያወራሉ፤ በየማታው ስም የሚጠራ አንድ የጥበቃ ሰው ነበር፤ ጠዋት ስሙ ከዝርዝሩ የተሰረዘውን ሰው ደግሞ «ተዛወረ» ይል ነበር። የት እንደ ተዛወረ የጠየቀ የለም።

መፍትሔው ምንኛ ቀላል ነበር መሰላችሁ! ሲ ቲ የተባለው የጀርመን የኮምፒውተር መጽሔት ሰው ሃራልድ በግሆልትስ የሠራው ኤችቱቴስትደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ደግሞ ሚሼል ማቻዶ የጻፈው ኤፍ ሦስት የሚባለው አለ። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ነው፤ ሹሙን አይጠይቁትም። ፍላሹን ከአፍ እስከ ገደፉ በሚያውቁት ቁጥር ይሞሉታል፤ ከዚያ መልሰው ያነቡታል፤ የሰጡትን ካልመለሰ ውሸታም ነው። በዝግተኛ ፍላሽ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። በ2011 ዓ.ም. አንድ ከሰዓት በኋላ ብተወው ኖሮ አሥራ አንዱን እሑድ አላጣም ነበር። አዲስ ፍላሽ የምትገዙ አንባብያን፣ ከመርካቶም ይሁን ከዱባይ፣ ባዶውን ሳላችሁ ሙሉትና መልሱት። ይህን ያህል ብቻ ነው የምመክረው።

ከሦስተኛው እሑድ ጥቂቱ ነበር። ግን አልከፍት አለ፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ስልክ የሚቀዳው ቪዲዮ የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ቀረጻው ካለቀ በኋላ በጭራው ላይ ነው። ጭራው ወደ ባዶው ስለ ሄደ ጥቂቱ ምስል ቢኖርም አንባቢው አያገኘውም። ማውጫ ኖሮት ሥጋ ያጣውን አየን፤ ይኸኛው ሥጋ ኖሮት ማውጫ ያጣ ነው። ልጁ አንትራንክ የተባለ ፕሮግራም አመጣ። በዚያው ስልክ የተቀዳ ጤነኛ ቪዲዮ እንደ ናሙና ይሰጡታል፤ እሱም ናሙናውን እያየ ለተቆረጠው አዲስ ማውጫ ይሠራለታል። እሑድ 2ን ሰጠነው። አንድ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ አጎቴ በስክሪኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው እየሰበሰቡ። ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። አብረዋቸው የታሰሩት በአንዲት ክፍል ውስጥ እንዴት ተራ በተራ እንደሚተኙ ያወራሉ፤ ግማሹ ሲተኛ ግማሹ ይቆማል። «ከኔ አጠገብ የነበረው ልጅ ስሙ» ካሉ በኋላ ውጭ የሚጫወቱትን ልጆች ጩኸት ሰምተው «ይህን በር ዝጋልኝ እስኪ» አሉኝ። ምስሉ እዚያ ላይ ቆመ።

የልጁን ስም አላስታውስም። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ በራሴ እጅ በሩን ዘግቼ ተመልሼ ተቀምጫለሁ፤ አላስታውስም። ስልኩ እየያዘልኝ ነው ብዬ እኔ አልያዝሁትም።

የሚወጣው ሁሉ ከወጣ በኋላ ልጁ «ዕቃውንስ ላድነው?» አለኝ። በእልህ ጣለው ልል ነበር፤ ግን ማየት ፈለግሁ። በቀጭን ወረንጦ የናንዱን ሁለት እግሮች አገናኝቶ ሰካው። እንዲህ ሲደረግ ኮንትሮለሩ ፈርምዌሩን ከናንዱ ማንበብ ይሳነዋል፤ በልደቱ የተሰጠችው ትንሿ ፕሮግራም ብቻ ትነቃና ትእዛዝ ትጠብቃለች። ከዚያ የፋብሪካውን ማምረቻ ከፈተ። መጠን በሚለው ላይ ቁጥር አልጻፈም፤ ቆጥረህ የምታገኘውን አሳውቀኝ የሚለውን መረጠና አስጀመረ።

ቆጠራው እስኪያልቅ ስለዚህ በር አወራን። ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ጀርመናውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ላስ ቬጋስ ላይ እንዳሳዩት፣ ፈርምዌሩ የተለወጠ ፍላሽ ኮምፒውተሩን «እኔ ኪቦርድ ነኝ» ሊለው ይችላል። ኮምፒውተሩም አምኖ፣ ፍላሹ የሚተይበውን ትእዛዝ ሁሉ እንደ ባለቤቱ ትእዛዝ ይፈጽማል። ባድዩኤስቢ አሉት። በዚያው ዓመት መጸው አዳም ኮዲልና ብራንደን ዊልሰን ለአንድ የፋይሰን ኮንትሮለር የሚሆን ኮዱን በይፋ አወጡት። እንዲህ ያለውን ፍላሽ ፎርማት ብታደርጉት አይጠፋም፤ ፎርማት የሚነካው መደርደሪያውን እንጂ ሹሙን አይደለምና። ፋይሎችን ብቻ የሚፈትሽ ጸረ ቫይረስም አያየውም። በእነዚያ የአፈና ዓመታት ከማን እንደ መጣ ሳንጠይቅ እየተቀባበልን ስንሰካው የነበረውን ፍላሽ ሁሉ አሰብሁና ጀርባዬን በረደኝ። «ታዲያ በሩ ለምን አይዘጋም?» አልሁት። «የሚዘጉት አሉ ጋሼ» አለ፤ «ውድ የሆኑት የአምራቹን ፊርማ ያልያዘ ፈርምዌር አይቀበሉም። ርካሾቹም ቢዘጉ ግን እኔ የምጠግነው የለኝም።» እኔም እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። አንድ ሳምንት ተቋማት ለሕዝብ ክፍት ይሁኑ ብዬ እጽፋለሁ፤ በሌላው ሳምንት ደግሞ ማንም እየገባ እንዳሻው የሚጽፍበት መዝገብ ምን መዝገብ ነው እላለሁ።

ስክሪኑ ላይ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች አረንጓዴና ቀይ እየሆኑ ሲሞሉ ቆዩ። ሲያልቅ ፍላሹን ነቅሎ መልሶ ሰካው። ፕላስቲኩ ላይ በነጭ ቀለም 64 የሚል ታትሟል። ኮምፒውተሩ 7.4 ጊጋባይት አለ። ልጁ ከመሳቢያው ቋሚ ማርከር አወጣና 64ቱን ሰርዞ ከጎኑ 8 ጻፈበት፤ ለሁሉም እንደዚህ ያደርጋል መሰለኝ፣ ሳያስብ ነው የጻፈው። ሒሳቡን ስጠይቀው የብየዳውንና የዕቃውን ብቻ ተቀበለኝ። «የቪዲዮውን አልወስድም፤ አልተሳካም እኮ» አለ። ተሳክቶልሃል ብዬ ብከራከረውም አልሰማኝም።

በሙት ዓመቱ ዕለት ዝክሩ ከተበላ በኋላ የመጀመሪያውን እሑድ አየን። ሃያ ሰው በአንድ ሳሎን ውስጥ። ገና ሲጀምር አጎቴ ወደ ስልኩ ቀረብ ብለው በመነጽራቸው በላይ ያያሉ፤ «በእርግጥ እየያዘ ነው?» ይላሉ። ከስልኩ ጀርባ የኔ ድምፅ «አዎ ጋሼ፤ እየያዘ ነው፤ ይቀጥሉ» ይላል። ልጃቸው አንድም ጊዜ ወደ እኔ አላየችም። ሲያልቅ ተነሥታ ወደ ጓዳ ሄደች፤ ስትመለስ «ሌላውን ደግሞ ክፈተው» አለችኝ። ሁለተኛውን ከፈትሁ፤ ከዚያም የሦስተኛውን ቁራጭ። በሩን እንድዘጋ ሲነግሩኝ ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ እናቷን፣ ወንድሞቿንና እኔን ሰብስባ ከአጎቴ የሰማነውን ሁሉ፣ ስምም ይሁን ቦታ፣ እየጠየቀች በደብተር ላይ ጻፈች። የኔ ድርሻ አምስት ገጽ ሞላ። ሦስት ስሞች አገኘሁ፤ አንዱን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ። በሐዘንተኞቹ መካከል የነበሩ አንድ አዛውንት ግን ደብተሩን ሲያዩ ከአጎቴ ጋር በዚያች ክፍል የነበሩ ሌላ ሰው በሕይወት እንዳሉ፣ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ ነገሩን። ደውለናል። መጀመሪያ ዝም አሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ ግን ኑ ብለዋል። ለመጪው እሑድ ሁለት አዳዲስ ፍላሾች ገዝቻለሁ፤ አንደኛው ሞልቶ መልሷል፤ ሁለተኛው ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተሰክቶ በመሞላት ላይ ነው፤ 41 በመቶ ደርሷል።